አንዱ በመታወቂያ ዋስ ወጣ፣ ሌላው ጣቢያ ቀረ

ጥያቄ፦ መርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ። ከሱቄ በረንዳ የሚያድር፣ ቀን ቀን ዕቃ የሚሸከምልኝ ልጅ አለ፤ 16 ዓመት ቢሆነው ነው። ባለፈው ሳምንት እሱና የእህቴ ልጅ፣ እኩያው ነው፣ አንድ ሰው ስልክ ጠፋብኝ ብሎ ግርግር በተነሳበት አብረው ተያዙ። የእህቴን ልጅ ማታውኑ አስወጣነው። ያኛው እስካሁን አልተፈታም። ከዚህ በፊትም ሁለት ሦስቴ ታስሮ ወጥቷል። ጎዳና የሚያድሩ ልጆች ከፖሊስ እጅ የማይወጡት ለምንድን ነው? ሌብነቱ ስለለመደባቸው ነው? ዋስ ልሁነው ብል ባለቤቴ «ቢጠፋ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከሌብነቱ ነውና እኔም ከዚያው ልነሳ። ጎዳና ከሚያድሩት ልጆች የሚሰርቁ አሉ። ጥብቅና ከቆምኩላቸው መካከል ኪስ ያወለቁ፣ ከታክሲ መስኮት ስልክ የመነተፉ፣ «አዎ፣ ወስጃለሁ» ብለው በግልጽ የነገሩኝ ጥቂት አይደሉም። ይህን ብደብቅዎ አያምኑኝም፤ መርካቶ ነው ያሉት። ግን የራስዎን ጉዳይ ደግመው ይዩት። ሁለት እኩዮች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጥርጣሬ ተያዙ። አንዱ ማታውኑ አልጋው ላይ ተኛ፣ ሌላው ሳምንቱን ሲሚንቶ ላይ አሳለፈ። ያን ማታ ስልኩን ማን እንደወሰደ ፖሊስም አላወቀም። የእህትዎን ልጅ ያወጣው ከኋላው ሰው መምጣቱ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚጀምረው ከጣቢያው ጠረጴዛ ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 28 ለመርማሪ ፖሊስ ሰፊ ሥልጣን ይሰጣል። ወንጀሉ በጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም መፈጸሙ ካጠራጠረ፣ ወይም የተያዘው ሰው ማድረጉ ካጠራጠረ፣ በተቀጠረበት ቀን እንደሚቀርብ አስፈርሞ ሊለቅቀው ይችላል፤ በዋስም ያለ ዋስም። «ያለ ዋስም» የምትለዋን ልብ ይበሉልኝ፤ ሕጉ ላይ አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ግን እምብዛም አትታይም። የተለመደው የመታወቂያ ዋስ ነው። እናት ወይም አጎት ይመጣል፣ የታደሰ መታወቂያውን ያስይዛል፣ ይፈርማል፣ ልጁን ይዞ ይሄዳል።

የእርስዎ ተሸካሚ ማንን ይጥራ? ጓደኞቹ እንደሱው መታወቂያ የላቸውም። ወረዳ ሄዶ ላውጣ ቢል የቤት ቁጥር ይጠየቃል፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ከሆነ ደግሞ ከቀድሞ ቀበሌህ መሸኛ አምጣ ይባላል። ከእንጀራ አባቱ ዱላ ሮጦ የመጣ ልጅ መሸኛ ለመጻፍ ወደዚያው መንደር ይመለስ ማለት ነው። ስልክ ካለው ቁጥሩን ይሰጣል እንዳንል፣ ስልክ ያለው የጎዳና ልጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከየት አመጣኸው?» ነው፤ ስልኩም ኤግዚቢት፣ ማለትም የማስረጃ ዕቃ፣ ሆኖ ይያዛል።

መርማሪውን ክፉ አድርጌ መሣል አልፈልግም። ልጁን አስፈርሞ ለቅቆት ቢጠፋበት አለቃው የሚጠይቀው እሱን ነው። ቢያቆየው ግን ጠያቂ የለም። ልጁን ፍለጋ ጣቢያ በር ላይ የሚመላለስ እናት የለችም፣ ለኃላፊው የሚደውል ዘመድ የለም። በዚህ ሒሳብ ማንም ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ስንቁም እንደዚሁ ነው፤ ጣቢያ ያለ እስረኛ የሚበላው ባመዛኙ ቤተሰብ የሚያመላልስለትን ነው። ስንቅ የማይመጣለት ልጅ ከሌሎች ተካፍሎ ይበላል፤ ከዚያ የባሰው ግን የሚልከው መልእክተኛ ማጣቱ ነው። ስንቅ የምታመጣ እህት መርማሪው ማን እንደሆነ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ፣ ልጁ ተመትቶ እንደሆነ ሁሉን ታውቃለች። እሱ ጋ ይህን የሚያውቅለት የለም።

ቀጥሎ ፍርድ ቤት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ የዋስትና መብትም ይሰጠዋል፣ ልዩ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ዳኛው በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ሊፈቅድ ይችላል፣ ከዚያም ይደገማል። ዋስትና የሚከለከልባቸው ምክንያቶች በዚያው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ላይ አሉ፦ ግዴታውን አክብሮ የሚቀርብ የማይመስል ከሆነ፣ ቢወጣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ ከተሠጋ፣ ምስክርና ማስረጃ ያበላሻል ከተባለ። እነዚህን በጎዳና ልጅ ላይ አድርገው ያንብቧቸው። «ቋሚ አድራሻ የለውም፣ ቢለቀቅ አናገኘውም» የሚለው የፖሊስ ክርክር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቤት ማጣቱ ብቻውን የመጀመሪያውን ምክንያት ያሟላል። «ከዚህ በፊትም ተይዞ ያውቃል» ሲባል ሁለተኛው ተጨመረ።

እዚህ ላይ «ሁለት ሦስቴ ታስሮ ወጥቷል» ያሉኝን ይዤ ልጠይቅዎ፦ ተከሶ ተፈርዶበት ያውቃል? ወይስ ተይዞ፣ ማስረጃ ጠፍቶ፣ ተለቀቀ? በብዙ ልጆች ላይ ያየሁት ሁለተኛውን ነው። በመጀመሪያው የተያዘው የተኛበት በረንዳ አጠገብ መኪና ተሰብሮ ስለተገኘ ነው፤ በሁለተኛው የተያዘው በመጀመሪያው ተይዞ ስለነበር ነው፤ በሦስተኛው መርማሪው መልኩን ስለሚያውቀው ነው። አንድም ጊዜ ያልተፈረደበት ልጅ በአካባቢው ዘንድ የታወቀ ወንጀለኛ ሆኖ ያርፋል። መታሰርና መቀጣት ለየቅል መሆናቸውን ዳኛ ያውቃል፤ ሠፈር ግን አይለያቸውም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥያቄዎም አልለያቸውም።

ዕድሜው ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ወጣት ጥፋተኛ ተብሎ ለብቻው በተበጀ ሥርዓት ይታያል፦ ፖሊስ ወዲያውኑ ፍርድ ቤት ያቀርበዋል፣ ችሎቱ ዝግ ነው፣ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበለት ጠበቃ ይመደብለታል። ከ15 አልፎ 18 ያልሞላው ግን፣ የእርስዎ ልጅ እዚህ ነው የሚወድቀው፣ እንደ አዋቂ በመደበኛው ሥርዓት ይዳኛል፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፣ ከአዋቂዎች ጋር አብሮ መታሰርም የለበትም። 14 ነው ወይስ 16፣ 17 ነው ወይስ 19 የሚለው እንግዲህ የልጁን መንገድ ሁሉ ይለውጠዋል። ማስረጃው ግን የለም። በሀገራችን የልደት ምዝገባ በአዲስ መልክ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደ ልጅ የልደት ቀኑን የሚነግረው እናቱ «ጤፍ ሲታጨድ» የምትለው ወሬ ነው። የክርስትና ካርድም ይሁን የትምህርት ቤት ወረቀት እሱ እጅ አይገኝም። መዝገብ ያዡ ቁመናውን አይቶ 18 ብሎ ይጽፋል። ፀሐይና ብርድ የፈጀው ፊት ደግሞ ከዕድሜው በላይ ይታያል። ፍርድ ቤት ወደ ሐኪም ሊልከው ይችላል፤ ሐኪሙ አጥንትና ጥርስ አይቶ የሚሰጠው ግምት ነው፣ ልደት አይደለም። ልጆቹ ራሳቸውም አንዳንዴ ዕድሜ ይጨምራሉ፤ ከጓደኞቻቸው ላለመለየት ወይም ልደታ ካለው የጠባይ ማረሚያ ለማምለጥ።

የታናናሾቹ ሕግም ቢሆን፣ መልካም ሆኖ ሳለ፣ የተጻፈው ቤት ላለው ልጅ ነው። ጉዳዩ ሲቀጠር ፍርድ ቤቱ ልጁን ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ ያስረክበዋል፤ እነዚህ ከሌሉ ለታመነ ሰው። ጥፋተኛ ከተባለም ከሚወሰዱት የቀለሉ እርምጃዎች አንዱ በትርፍ ጊዜው ከቤቱ ወይም ከትምህርት ቤቱ እንዳይወጣ ማዘዝ ነው፤ ሌላው በዘመድ ወይም በታመነ ሰው ክትትል እንዲያድግ ማድረግ ነው። ቤት የሌለውን ልጅ ከቤትህ አትውጣ ብሎ መቅጣት አይቻልም። ዳኛው በየዋሁ ልቡ «ቢያንስ ጣሪያ ያገኛል» ብሎ ወደ ማረሚያው ተቋም ይልከዋል፤ ያ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። ዳቦ የሰረቀ ቤት ያለው ልጅ ተመክሮ ወደ እናቱ ሲሄድ፣ ዳቦ የሰረቀ የጎዳና ልጅ ዓመት ይቀመጣል። ማንም አልጨከነበትም፤ ሁሉም አዘነለት። ይህ ዓይነቱ እዝነት ነው እኔን ከጭካኔው ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ፤ ይግባኝ ለማለት እንኳ አፍ ያስይዛል።

በዚያው በ1996 የወጣ ሌላ ሕግ አለ፤ አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 384። ጤናማ አካል ኖሮት የታወቀ መተዳደሪያ የሌለውንና በአዋጁ ከተዘረዘሩት ድርጊቶች አንዱን ሲፈጽም የተገኘን ሰው ይመለከታል። በዚህ የተጠረጠረ ዋስትና የለውም። ልጅዎ ቀኑን ሙሉ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ተሸክሞ ሲውል መተዳደሪያ አለው፤ ግን ደመወዝ የሚከፈልበት ወረቀት የለም፣ ሲጠየቅ «እሸከማለሁ» ከማለት ውጭ የሚያሳየው የለም። አፈሳ ሲመጣ ይህ ወረቀት ማጣት ዋጋ ያስከፍላል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ያውቃል፤ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲቃረብ ወይም ትልቅ በዓል ሲመጣ ጎዳናው በድንገት ይጸዳል። የተነሱት አንዳንዶቹ ከከተማ ውጭ ይወሰዳሉ፣ አንዳንዶቹ በጣቢያ ያልፋሉ፤ ሳምንታት አልፎ ሲመለሱ የሚያድሩበት ቦታ፣ የተማመኑበት ጓደኛ፣ ዕቃ የሚያሸክማቸው ደንበኛ የለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ብዙ በረንዳዎች ጠፍተዋል። የከተማ መታደስ የሚጠላ የለም፤ በረንዳው ሲፈርስ ግን ልጁ አብሮ አልፈረሰም፣ ወደማያውቀው ሠፈር ሄዷል። የማያውቁት ሠፈር ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እንግዳው ነው።

አሁን ወደ ሌብነቱ ልመለስ፣ ከየት እንደሚመጣ። ማስቲካና ሶፍት አዟሪ የነበረ ልጅ ነበር። ዕቃውን በዱቤ ከሱቅ ያወጣል፣ ማታ ሒሳብ ይከፍላል፣ ትርፏን ይበላል። አንድ ቀን ደንብ አስከባሪዎች ካርቶኑን ወሰዱበት። ዕዳው ግን አልተወሰደም። ባለሱቁ ሌላ ዕቃ አልሰጠውም፣ ማታ የሚበላው የለም፣ ያለችው ቡሌ፣ የሆቴል ትርፍራፊ፣ ናት፣ እሷም በትልልቆቹ ቁጥጥር ሥር ናት። ጎዳና ሕግ የሌለበት ቦታ ይመስላል እንጂ ግብሩ ከባድ ነው፤ የማደሪያ ቦታ ጌታ አለው፣ የመሸከሚያ ቦታ ጫኝና አውራጅ አለው፣ ትንሹ ለትልቁ ይከፍላል። በእንዲህ ያለው ማታ «እዚያች ሴትዮ ላይ ዓይንህን ጣል፣ የቀረውን እኛ እንሠራለን» የሚለው ትልቅ ልጅ ራት ይገዛለታል። ማስቲሹም፣ የሚስቡት ሙጫ፣ ከዚሁ እጅ ነው የሚመጣው፤ ረሃብና ብርድ ያስረሳል፣ ፍርሃትም ያስረሳል።

ሲያዙ የሚያዘው ዘበኛ ሆኖ የቆመው ትንሹ ነው፤ የማይሮጠው፣ ሠፈሩን የማያውቀው እሱ ነው። ዋና ተጠቃሚው የሌባ ተቀባይ ከነሱቁ እዚያው አለ። የተሰረቀ ዕቃ መሸሸግ በወንጀል ሕጉ ራሱን የቻለ ወንጀል ቢሆንም፣ ስልኩን በርካሽ የገዛው ሰውዬ ከልጆቹ ጋር በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየሁት ብርቅ ነው። ክሱ ደግሞ በቡድን በመሆናቸው ይከብዳል። ተራ ስርቆት ጣሪያው 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ በቀላል እስራትም ሊያልፍ ይችላል። ሲነጥቁ ሴትየዋ ተገፍትራ ከወደቀች ግን ክሱ ወደ ውንብድና ሊዞር ይችላል፤ ያ ከ1 እስከ 15 ዓመት ነው። ለባለ ጠበቃ ተከሳሽ በስርቆትና በውንብድና መካከል ያለው መስመር የሚሟገቱበት ነው። ለጎዳና ልጅ ግን ቃሉን ሲሰጥ «ገፍተሃታል?» ተብሎ «አዎ» ባለበት ደቂቃ የሚያበቃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያስበው። የእህትዎ ልጅ ሲጣላ ግቢ ውስጥ ይጣላል፣ ሲጠጣ ጓደኛው ቤት ይጠጣል፣ ሽንቱን ሽንት ቤት ይሸናል። የጎዳናው ልጅ ይህን ሁሉ የሚያደርገው መንገድ ላይ፣ ፖሊስ ፊት ነው። ጥፋታቸው እኩል ቢሆን እንኳ የአንዱ ብቻ ይታያል።

ስለ ሴቶቹ በአጭሩ፤ እነሱን በረንዳ ላይ ብዙም አያዩአቸው ይሆናል። ብዙዎቹ በደላላ ከገጠር መጥተው የቤት ሠራተኛ የነበሩ ናቸው። ደመወዟን ስትጠይቅ «ወርቅ ጠፋብኝ» የተባለች፣ ከዚያ ቤት በሌሊት የወጣች ልጅ ጉዳይ ተደጋግሞ አጋጥሞኛል። ተደፍራ ጣቢያ የሄደች ልጅ «የት ነው የምትኖሪው?» ተብላ መልስ ስታጣ፣ ከሳሽ ሆና ገብታ ተጠርጣሪ ትመስላለች። ስለዚህ አይሄዱም። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንዲህ ላሉት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የሚያውቋት ካለች ይንገሯት።

ተፈርዶበት የጨረሰውስ? ሲወጣ ዘበኝነት ልግባ፣ ሆቴል ልቀጠር ይላል። ተያዥ ይጠየቃል። ተያዥ የለውም። የጣት አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነጻ የሚል ማስረጃ እንዲያመጣ ይጠየቃል። እሱም የለም። የታሰረበት ነገር አልቋል፣ ያሳሰረው ነገር ግን ሙሉ በሙሉ እንዳለ ነው።

ወደ እርስዎ ልጅ። መጀመሪያ ስንቅ ይዘው ጣቢያ ይሂዱ፤ የመርማሪውን ስምና የቀጠሮውን ቀን የሚያውቁት በዚያ ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደሆነ ይጠይቁ። በ48 ሰዓት ውስጥ ሳይቀርብ ሳምንት ከሆነው ይህ ብቻውን ሕገ ወጥ ነው፤ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። ጠበቃ ለመግዛት አይጨነቁ፤ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ያለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አቅም ለሌለው ይቆማል፣ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ዕድሜው 18 ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ ጠበቃው ወዲያውኑ እንዲቃወም ያድርጉ፤ ከአዋቂዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መሆኑን ካወቁም ያንኑ ዕለት ይናገሩ።

ከዚያ አንድ ደብዳቤ ይጻፉለት። ልጁ ከሱቅዎ እንደሚሠራ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ የሱቁ አድራሻና የእርስዎ ስልክ። የንግድ ፈቃድዎን ቅጂ አያይዘው ለዳኛው ይስጡ። «መተዳደሪያ የለውም» ለሚለውም «አድራሻ የለውም» ለሚለውም መልስ ነው፤ በቀጠሮው ቀን ራስዎ ቀርበው «አውቀዋለሁ፣ እኔ ጋ ይሠራል» ቢሉ ደግሞ ከደብዳቤው ይበልጣል። ዳኞች ብዙውን ጊዜ የሚከለክሉት የሚይዙት ነገር ስለሚያጡ ነው።

ባለቤትዎ የሠጉትን በተመለከተ፤ ዋስ የሆነ ሰው የሚጠየቀው በገንዘብ ነው። ልጁ ቢጠፋ በዋስትና ወረቀቱ ላይ የፈረሙበት ገንዘብ ለመንግሥት ይሆናል፤ እሱን ተክተው አይታሰሩም። ጥሬ ገንዘብ አስይዘው ከሆነና እሱ በየቀጠሮው ቀርቦ ጉዳዩ ካለቀ ይመለስልዎታል። ጣቢያ በመታወቂያ ዋስ ከሆነ መመላለሱን ይቻሉት፤ «አምጪው» እያሉ ይደውሉልዎታል። መሐል ላይ አላምነውም ካሉ ደግሞ ልጁን ይዘው ፍርድ ቤት ቀርበው ከዋስነቱ ልውረድ ማለት ይችላሉ። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የገንዘቡን መጠን ይጠይቁ፤ ቢጠፋ ቤትዎን የማያናጋ ከሆነ ይፈርሙ፣ የሚያናጋ ከሆነ ጠበቃው ዳኛውን እንዲያስቀንስ ይጠይቅ።